አራስ ሞተር አይሮጥም

አያ ሰይድ ሞቱ ሲባል ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ውሸት ነበር፤ ውሸት መሆኑን ያወቅሁት ግን አልቅሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሁለተኛው ባለፈው ወር በስልክ መጣ። የደወለችልኝ ሐይቅ ጤና ጣቢያ አብራኝ የሠራች ጓደኛዬ ናት።

«አስካለ፣ አያ ሰይድ አረፉ» አለችኝ።

«የት?»

«የት ማለት ምን ማለት ነው? ቤታቸው ነዋ! ሱብሒ ሰግደው፣ ትንሽ ጋደም ልበል ብለው፣ በዚያው ቀሩ። እትዬ ከድጃ አጠገባቸው ነበሩ።»

«ተመስገን» አልኩ።

ጓደኛዬ «አንቺስ የለየልሽ እብድ ነሽ» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አልፈርድባትም። ሰው ሞተ ሲባል ነፍስ ይማር ነው የሚባለው። ግን ምን ላድርግ፣ አፌ ቀደመኝ። በጦርነቱ ጊዜ ቆርቆሮ ሥር ተቀብረው ቀሩ የተባሉ ሰው፣ ዕድሜ ጠግበው፣ በገዛ አልጋቸው፣ ሚስታቸው እትዬ ከድጃ አጠገባቸው ሆነው ሲሞቱ ሌላ ምን ይባላል? ማልቀሱንማ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አለቀስኩ።

አያ ሰይድ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሞተር ሳይክል ይሠሩ ነበር። ጋራዥ ይሉታል እንጂ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ዳር የቆመ አራት ቋሚና አንድ ጣራ ቆርቆሮ ነው። ወጣትነታቸውን አሰብ ወደብ ላይ የጭነት መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው የጨረሱት። ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ነበር። ነጭ ቆባቸውን ሥራ ሲጀምሩ አውልቀው ምስማር ላይ ይሰቅሏታል፤ ሲጨርሱ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጥበው መልሰው ያደርጓታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት የዘይት ነጥብ አላየሁባትም። የሌላ ሜካኒክ ሥራ ሲያዩ ደግሞ ከንፈራቸውን ይመጥጡና «ይኼን የገጠመው ሰው ምሳ ሰዓት ደርሶበት ነበር» ይላሉ። ለራሳቸው ያላቸው ግምት ትንሽ አልነበረም።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ለውጡ የመጣ ሰሞን ነው ወደዚያ የተዛወርኩት። ወንድሜ የተወልኝ አሮጌ ሞተር ነበረችኝ፤ በእሷ ነበር አምባሰል ገደላ ገደሉን እየወጣሁ እየወረድኩ እናቶችን የማየው። ችኩል ነኝ፤ አልክድም። እናቴ «አንቺ ከሆዴም የወጣሽው ቀንሽ ሳይደርስ ነው» ትለኝ ነበር።

ሞተሯን የገደልኳት በዚሁ ችኮላዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሥሯ ጥቁር ነጥብ አያለሁ፤ ነገ አሳያታለሁ እልና ረግጬው አልፋለሁ። አንድ ቀን ከውጫሌ ስመለስ እንደ አህያ አናፋችና ኋላ ጎማዋ ደርቆ ቆመ፤ ሞተር ነከሰ የሚሉት ይኼንን ነው። አይሱዙ ለምኜ፣ ጭኜ፣ ሐይቅ አወረድኳት። አያ ሰይድ ተነሥተው መጡ። እኔን ሰላም አላሉኝም። የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚዳሰስ የእጃቸውን ጀርባ ሞተሩ ላይ አሳረፉ።

«ማን ገደላት?» አሉ።

«እኔ።»

«ስንት ቀን ደማች?»

«ሁለት ሳምንት ይሆናል።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አዋላጅ ነርስ ነኝ።»

«ያ ረቢ! ሴት ሁለት ሳምንት ስትደማ ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

ደሜ ፈላ። ግን እውነታቸውን ነው። ሞተሩን ሲፈቱት ፒስተኑ ድመት የቧጨረችው ይመስል ነበር። ሲሊንደሩ ደሴ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካክሎ መጣ፤ አዲስ ፒስተንና አዲስ ፋሻ፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ተገዛለት። ሊገጥሙ ሲቀመጡ «ነይ፣ ቁጭ ብለሽ እዪ» አሉኝ። ሥራ አለብኝ ብላቸው «ይኼም ማዋለድ ነው» አሉ።

ዘይት እንዳያፈስ በብረቶቹ መካከል የሚገባውን አሮጌ ጋርኒሲዮን በምላጭ ቀስ ብለው ፋቁት፤ በካቻቢቴ የሚፍቅ ሰው ጠላታቸው ነው። ማጣበቂያውን በጣታቸው ጫፍ ስስ አድርገው ቀቡ። «ይኼ እንደ ኩል ነው። ልጆቹ እንደ ጭቃ ቤት ይለስኑታል። የተረፈው ወደ ውስጥ ይወድቅና የዘይቱን መንገድ ይዘጋል። ፍሳሽ ላቆም ብሎ ነፍስ ያጠፋል» አሉ። ብሎኖቹንም በአንዴ አላጠበቁም፤ አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ፣ እንደገና ዞረው ትንሽ። እኔ እግሬን አወራጫለሁ። በመጨረሻ ዘይት ሞሉ፣ ቢስሚላሂ ብለው አስነሡ፣ ጥቂት አሰምተው አጠፉ። ቆባቸውን አደረጉና እንዲህ አሉኝ።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አራስ ናት። አርባ ቀን።»

«ሴት ከሆነች ሰማንያ አይደል እንዴ?» አልኳቸው፣ የኛን ክርስትና አስቤ ለጨዋታ።

«የናንተን አታብዢብኝ፤ አርባው ይበቃታል።»

ሌላው ሰው ሮዳጅ የሚለውን እሳቸው አራስነት ነበር የሚሉት። ፋሻውና ሲሊንደሩ ገና ባዕድ ናቸው፤ ቀስ ብለው ካልተለማመዱ አንዱ ሌላውን ይበላል። ስለዚህ ሙሉ ነዳጅ መስጠት የለም። በአንድ ፍጥነትም መንዳት የለም፤ ከፍ ዝቅ ነው። ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ፈጽሞ የለም። ትንሽ እንደሄድሽ ወርደሽ አሳርፊያት። የመጀመሪያውን ዘይት በጥቂት ቀን ድፊው፤ ብናኝ ይዞ ይወጣል። ማታ ስታቆሚያት ከሥሯ ካርቶን አንጥፊ፤ ጠዋት ካርቶኑን አምጥተሽ አሳዪኝ።

እኔ አዋላጅዋ፣ ስለ አራስ በሜካኒክ ተመከርኩ! ግን ያዘዙትን አደረግሁ። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ካርቶን ብብቴ ሥር ሸጉጬ እሄዳለሁ፤ መንገድ ዳር ያሉት ዓሣ ሻጮች «ሲስተር ደብዳቤዋን ይዛ መጣች» እያሉ ይስቁብኛል። አያ ሰይድ ካርቶኑን ወደ ብርሃን ያዘነብሉታል፣ ነጥቧን በጣታቸው ነክተው ያሸታሉ። «ይቺ ቤንዚን ናት፤ ተያት። ይቺ የጭቃ ውሃ ናት። ይቺ ግን... ይቺ ዘይት ናት» ይላሉ። አጠገባቸው ሬዲዮ ነበረች፤ ያኔ ወሬው ሁሉ የጦርነት ነው። አንድ ጠዋት ዘጓትና «ለውጡ ሲመጣ ደስ ብሎኝ አልቅሻለሁ፣ ወላሂ። ግን አገሩም ሞተሩ ተፈቶ የተገጠመ አራስ ነበር። ወዲያው አራተኛ ማርሽ አስገብተው ዳገት አወጡት። ይኸው ነከሰ» አሉ። ተመልሳ እንዳትከፈት ብለው ይመስል ሬዲዮዋን በጨርቅ ሸፈኗት።

በሳምንቱ ጥፋት ሠራሁ። ከሥራ ስመለስ በላይኛው ክዳን ዳር ላብ የመሰለ ዘይት አየሁ። ብሎን ሲበርድ እንጂ ሲሞቅ አይነካም ብለውኛል። እኔ ግን አሥር ቁጥር ቁልፍ አነሣሁና እንደጋለች ባለ በሌለ ኃይሌ ጠመዘዝኩት። ክርክር ብሎ ጥርሱ ተበላ። ላብ የነበረው ፈሰሰ። በማግስቱ ወሰድኩላቸውና ዓይኔን መሬት ተክዬ «ራሱ ነው የላላው» አልኳቸው።

ብሎኑን በሁለት ጣታቸው አወጡት። «ራሱን አንቆ ሞተ በይኛ!» አሉ።

አፈርኩ። ቁልፌን ከእጄ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። «ማጥበቅ ሌላ፣ ማነቅ ሌላ» አሉ። ከዚያ ከሞተሩ ጎን የወጣች ጣት የምታህል ጎማ ቱቦ አሳዩኝ። «መተንፈሻዋ ይቺ ናት። ሞተር ሲሞቅ ይተነፍሳል። ይቺ ከተደፈነች ምን ብታጠብቂ ዘይቱ በደካማው በኩል ይወጣል። ፍሳሽ ስታዪ መጀመሪያ ቁልፍ አትፈልጊ፤ ትንፋሿን ፈልጊ። ሰውም እንደዚያው ነው» ብለው አዩኝ። ለእኔ እንደሆነ ገብቶኝ ተቆጣሁ፤ ብሎኑን ግን ያን ዕለት በአዲስ ጥርስ ሠርተው ሰጡኝ።

አርባው ሳይሞላ ጦርነቱ ወደኛ መጣ። ከውጫሌ በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማ ጀመር። ሰው ፍራሹንና ፍየሉን ይዞ ወደ ደሴ ይጎርፋል። ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት እናት ቀርታለች፤ ዘሀራ ትባላለች። ከወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ብዙ ደም ፈሷት በስንት መከራ አቁሜላታለሁ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እንደገና ከጀመራት ደም ያስፈልጋታል፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ደም የለም። አምቡላንሱ ቁስለኛ ይዞ እንደሄደ አልተመለሰም። ባሏ ከገጠር መንገዱ ተዘግቶበት አልደረሰም። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ለመንኩ፤ በጣራው ላይ ሳይቀር ሰው ነው። የቀረችን ሞተሬ ናት፤ እሷም ሃያ ሁለተኛ ቀኗ።

ወደ አያ ሰይድ ሮጥኩ። ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

«ዘሀራን ደሴ ላደርሳት ነው» አልኳቸው።

«ሁለት አራስ አንድ ላይ ልታስነሺ!»

«ሌላ ምን አለኝ?»

የያዙትን ዕቃ አስቀመጡ። «እንግዲያ ስሚኝ። ሰው ሁሉ ይቀድምሻል፤ ይቅደምሽ። ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንሺ፣ አታስጨንቂያት። ሦስት ቦታ ታቆሚያለሽ። ጥይት ቢጮህም ታቆሚያለሽ። ስታቆሚ ሁለቱንም እያቸው፤ እናቲቱንም ሞተሯንም።» ከዚያ ከኪሳቸው ያን አሥር ቁጥር ቁልፍ አወጡ። «ይኸው ቁልፍሽ። እንዳትነኪው።»

«ካልነካሁት ለምን ይሰጡኛል?»

«እጅሽ ባዶ ከሆነ ትደነግጫለሽ።»

«እርስዎስ?»

«የከድጃ ጉልበት እስከ አስፋልቱም አያደርሳት። እኔ እሷን ትቼ የት እደርሳለሁ? አብሽሪ፤ ሂጂ።»

ዘሀራን ከኋላዬ አስቀምጬ በመቀነት ከወገቤ ጋር አሰርኳት። ሕፃኗ በእኔ ጀርባና በእናቷ ደረት መካከል ናት፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ሰዎች ጓዟን በጎን በኩል አሰሩልን፣ ወጣን። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ሳቆም መንገደኛው ሁሉ ያበድኩ መስሎት ያየኛል። አንድ ጎረምሳ በሞተር ሽው ብሎ እያለፈ «ሲስተር፣ ሠርግ ነው እንዴ የምትሄጂው? ንጂው እንጂ!» አለኝ። እግዜር ያውቃል፣ ልከተለው እጄ በላኝ። ግን የእጄን ጀርባ ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ፤ ዘሀራንም አየሁ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ዳገቱ ከተጀመረ በኋላ ጫማዬ ውስጥ ሙቀት ተሰማኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዘይት ነው። በዚያው በላይኛው ክዳን በኩል ቁልቁል እየወረደ እግሬን ነክሮታል። አቆምኩ። ከኋላችን መሬቱ ድም ይላል። ቁልፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ምነው ሲስተር?» አለች ዘሀራ፣ በደከመ ድምፅ።

«ምንም የለም» አልኳት፤ ዋሸሁ።

ቁልፉ ብሎኑ አናት ላይ ደርሷል። አንድ ጊዜ ብጠመዝዘው ያን ጥርስ እንደገና እበላውና እዚያው ዳገት ላይ እንቀራለን፤ እሷም ደሟ ቢመለስ በእጄ ትሞታለች። ያን ጊዜ የሽማግሌው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ቁልፍ አትፈልጊ፣ ትንፋሿን ፈልጊ። ቁልፉን ጥዬ ቱቦዋን በጣቴ ተከተልኳት። የታሰረልን ጓዝ ተጭኗት ለሁለት አጥፏታል። ወይኔ ልጅቷ! ለደግነት የታሰረልን ጓዝ ሊገድለን ነበር። ፈትቼ ከፊቴ አደረግሁት፤ ቱቦዋ ቀና አለች። ዘይቱን በቁስል ፋሻ ጠረግሁ፣ እስክትበርድ ጠበቅሁ፣ መጠኑን አየሁ፤ ይበቃል። አስነሥቼ ክዳኑ ላይ አፈጠጥኩ። አንድም ጠብታ አልወጣም። ዘሀራንም አየኋት፤ እሷም አልደማችም። እዚያው አስፋልት ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከፍ ብሎ ያ ጎረምሳ ሞተሩ ነክሶበት፣ በላብ ተጠምቆ ይገፋል። አልዋሽም፣ «ሠርጉ እንዴት ነው?» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን አሳዘነኝ። «አብሽር ወንድሜ» ብዬው አለፍኩ።

ደሴ ሆስፒታል ስንገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዘሀራን ተቀበሉኝ፣ ደም ተሰጣት፣ ዳነች። ሞተሬ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ። ያን የመሰለ እፎይታ ከዚያ በፊት አላውቅም።

እፎይታው ብዙ አልቆየም። ከሐይቅ የመጣ አንድ ሰው «የአያ ሰይድ ጋራዥ ተመታ፤ ሽማግሌውም ከሥሩ ቀሩ» አለኝ። አለቀስኩ። ጦርነቱ ደሴም ሲደርስ ወጥቼ ዘመድ ቤት ተጠጋሁ፤ እዚያም አለቀስኩ። አንድ ነገር ግን አልተውኩም። ማታ ማታ ካርቶን አነጥፋለሁ፤ ጠዋት አነሣለሁ። የማሳየው ሰው ባይኖርም አርባው እስኪሞላ አሥራ ስምንት ካርቶን አጠራቀምኩ።

መንገዱ ሲከፈት ለቅሶ ልደርስ ሐይቅ ሄድኩ። ጥቁር ሻሽ አስሬአለሁ። ካርቶኖቹን ለእትዬ ከድጃ ልሰጥ ከኋላ ጭኛቸዋለሁ። አራቱ ቋሚዎች ቆመዋል፤ ቆርቆሮው የለም። ከቋሚዎቹ መካከል አንድ አጭር ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ካርቡራተር ይጠርጋል። ምስማሩ ላይ ነጭ ቆብ ተሰቅሏል።

ዞር አሉና ሻሼን አዩ። «ማን ሞተብሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎታ!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔማ አለሁ። የሞተው ቆርቆሮው ነው።»

እላያቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ እየሳቅሁ ነው የማለቅሰው። «ሃይ፣ ሃይ፣ ግራሶ ነኝ፣ ልብስሽ!» ይሉኛል። ከድጃን ደግፈው ጎረቤት ቤት ባስገቡበት ሰዓት ነው ጋራዡ የተመታው። ስረጋጋ እጃቸውን ታጠቡ፤ ግን ቆባቸውን አላደረጉም። ቀድመው የእጃቸውን ጀርባ ሞተሬ ላይ አሳረፉ።

«ዘሀራስ?»

«ድናለች። ሕፃኗም።»

«ቁልፉን ነካሽው?»

«አወጣሁት። አልጠመዘዝኩትም።»

«ወላሂ በይ።»

«እግዜርን!»

ካርቶኖቹን ፈትቼ ሰጠኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያዘነበሉ አነበቧቸው። አላስቸኮልኳቸውም። አሥራ ስምንተኛውን አስቀምጠው ተነሡ፣ ቆባቸውን ከምስማሩ አውርደው አደረጉ። «አልሃምዱሊላህ» አሉ። «አርባዋን ወጣች። አሁን ሩጪ።»

ከዚያ በኋላ እኔ ከሐይቅ እስክዛወር ዓመታት አብረን ነበርን። ባለፈው ወር ደግሞ፣ እንዳልኩት፣ ስልኩ መጣ፤ በማግስቱ ለቅሶ ሄድኩ። ዘሀራ ከልጇ ጋር መጥታለች፤ ልጅቷ ሞተሬን እየዞረች ትነካካለች። እትዬ ከድጃን አቅፌ አለቀስኩ፣ ተቀምጬ ቆየሁ። ልሄድ ስነሣ በምርኩዛቸው ተከትለውኝ ወጡ። ጎንበስ ሲሉ ደግፌ ያዝኳቸው። ከሞተሬ ሥር ካርቶን ሳቡ። መቼ እንዳነጠፉት አላየሁም፤ ቤታቸው በሰው ተሞልቶ፣ ባላቸው በሞቱ በማግስቱ።

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ፤ አንብቢልኝ» አሉኝ።

ካርቶኑን እንደ እሳቸው ወደ ፀሐይ አዘነበልኩት። «ንጹህ ነው እትዬ። ጠብታ የለውም።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ።

«ተመስገን» አልኩ፤ ያን ጊዜ ማንም እብድ አላለኝም።